የዕድሜ ሂስቶግራምና የመደብ ወርድ

በሕዝብና ቤት ቆጠራ መጠይቅ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የትምህርት ደረጃና ዕድሜ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። በግራፍ ሲቀርቡ ግን ሦስቱን በአንድ ዓይነት መሳል አይቻልም። ቋንቋ መጠሪያ እንጂ መጠን አይደለም፤ የባር ግራፉን ዐምዶች እንደፈለግን፣ ለምሳሌ ከብዙ ተናጋሪ ወደ ጥቂት፣ ብንደረድር የሚፋለስ ነገር የለም። የትምህርት ደረጃም በባር ግራፍ ይቀርባል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይነካም። ሁለቱንም በፓይ ቻርት የሚያቀርብ ሪፖርት ሞልቷል። ዓይናችን ርዝመትን የሚያወዳድረውን ያህል ማዕዘንን ማወዳደር ስለማይችል፣ ክፍሎቹ ከሦስት ከአራት ሲበልጡ ባይሞከር ይሻላል።

ዕድሜ ተከታታይ መጠን በመሆኑ የሚስማማው ሂስቶግራም ነው። ስያሜው የመጣው ከእንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከካርል ፒርሰን ሲሆን፣ ጊዜውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ዐምዶቹ ተነካክተው የሚቆሙት አንዱ መደብ ባበቃበት ሌላው ስለሚጀምር ነው። ብዛት የሚነበበውም ከቁመታቸው ሳይሆን ከስፋታቸው ነው። ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ለብቻ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉትን ደግሞ ባንድ መደብ የያዘ ሠንጠረዥ አለ እንበል። የሁለተኛው መደብ ብዛት ለአራት ሳይካፈል ከተሳለ፣ ሕፃናት አንድ ዓመት በሞላቸው ማግስት አራት እጥፍ ያህል የሚበዙ ያስመስላል።

ዋናው ጣጣ ግን የመደቡ ወርድ ነው። ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተመዘገበበትን የ1999 ዓ.ም ቆጠራ በነጠላ ዓመት ብንስለው ግራፉ የሚዶ ጥርስ ይመስላል፦ 30፣ 35፣ 40 ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ 39 እና 41 ላይ ያዘቀዝቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፤ የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ለቆጣሪው «አርባ ይሆነኛል» ቢል አይፈረድበትም። የዊፕል መለኪያ ይህን ዕድሜን የማጠጋጋት ዝንባሌ ከ23 እስከ 62 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ ይለካል፦ 100 ከሆነ ዝንባሌ የለም፣ 500 ከሆነ ሁሉም በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ተናግሯል።

የተለመደው መፍትሔ የአምስት ዓመት መደብ ነው። ጥርሶቹ ከዓይን ይጠፋሉ፤ ስሕተቱ ግን አልታረመም። 39 ዓመት ሆኖት 40 ያለ ሰው ከ35–39 ወጥቶ ወደ 40–44 ይሻገራል፤ 41 ሆኖት 40 ያለው ግን እዚያው መደቡ ውስጥ ይቀራል። በ0 የሚያልቀው ዕድሜ በ5 ከሚያልቀው ይበልጥ ስለሚስብ፣ 40–44 ያለአግባብ ያብጣል። መደቡ 38–42 ቢሆን ሁለቱም ሰዎች ከቤታቸው አይወጡም፤ ዋጋው ከታተሙት ሠንጠረዦች ጋር ማነጻጸር አለመቻሉ ነው።

ምርጫውን ለኮምፒውተር መተው ደግሞ የባሰ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት የስተርጅስ ቀመር ለ73 ሚሊዮን ሰው 28 ገደማ መደብ ይሰጣል። ከ0 እስከ 98 ያለውን ዕድሜ ለ28 ስናካፍል የመደቡ ወርድ ሦስት ዓመት ተኩል ይሆናል። በዚህ አከፋፈል አንዱ መደብ 32፣ 33 እና 34 ዓመትን ብቻ ይይዛል፤ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ የለበትም። ቀጣዩ ደግሞ ከ35 እስከ 38 አራት ዕድሜዎችን፣ ያውም 35ን ጨምሮ፣ ይሸከማል። በመካከላቸው የሚታየውን ገደል አይቶ ከ32 እስከ 34 ዓመት ያሉት በተወለዱበት ዘመን ረኃብ ወይም ጦርነት ነበር ብሎ የሚተነትን አይጠፋም።