የመርዶ ሥርዓት ለማኅበራዊ ሚዲያ፦ ከአቃቂ ቃሊቲ ሁለት ጉዳዮች

መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያን ሲዘጋ የሚያቀርበው ምክንያት በአብዛኛው የሰው ሕይወት ነው፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው፣ ክልከላ የኅብረተሰቡን የወሬ አቀባበል ስለማይለውጥ ሥጋቱን አያስወግድም በማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገናኙ ሁለት ጉዳዮች ይህን ያሳያሉ።

ዞን ዘጠኝ

በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የጦማርያን ስብስብ ስሙን ያገኘው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ 8 ዞኖች ስለነበሩት፣ ወጣቶቹ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር 9ኛው ዞን አሉት። ጦማራቸው በአገር ውስጥ ታገደ፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. 6 ጦማርያንና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር አዋጁም ተከሰሱ። የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። በስሙ የሚጽፍና የሚከራከር ሰው ሲሳደድ፣ መስኩ ስሙን ለደበቀ ቀስቃሽ ይለቀቃል።

ገላን

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ከ3 ሳምንት በላይም ተዘግቶ ቆየ። ግድያውን ተከትሎ የተነሣው ጥቃት ግን አልቆመም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኋላ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በኦሮሚያ 123 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ባይዘጋ ኖሮ ይብስ ነበር የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም መዘጋቱ ከአሉባልታው ጋር ማጣሪያውንም አፍኗል፤ የዘመዱን ደኅንነት የሚጠይቅም፣ ወሬውን የሚያስተባብልም እኩል ተዘግቶባቸዋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለ5 ወር ገደማ ሲታገዱም ብዙ ተጠቃሚ በቪፒኤን ይገባ ነበር። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም።

ልማድን ማረም

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ይቀጣል። ይኸው አዋጅ ሕዝብን የማስተማር ግዴታም ይጥላል፤ የበለጠ ጉልበት ሊፈስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆን ሥርዓት በእጃችን አለ። መርዶ እንደተሰማ አይነገርም፦ ሽማግሌ ያጣራል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ይታሰባል። የሞት ወሬን በዚህ ጥንቃቄ የሚይዝ ሰው፣ ስልኩ ላይ የደረሰውን የግድያ ምስል ሳያጣራ ለመቶዎች ያጋራል፤ ነውር ነው የሚለውም የለም። ይህን ነውር ማድረግ የሚችሉት የእድር ስብሰባ፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን አድሚኖች ናቸው። «ከየት አገኘኸው? ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት መቆጠሩ ሲቀር፣ መንግሥትም ለመዝጋት የሚያቀርበው ምክንያት ይሳሳል።