ልጥ ማረፊያ፦ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር በሸዋ

የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር በፍሎረንስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ክሪስቶፎሮ ኔግሪ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው ነበር። ማኅበሩ ትልቁን ጉዞውን ያሰናዳው ወደ ሸዋ ሲሆን፣ ዓላማው በዘይላ ገብቶ በሸዋ በኩል እስከ ምድር ወገብ ታላላቅ ሐይቆች መዝለቅ ነበር።

በ1876 የተነሣውን ቡድን የመራው ስልሳዎቹን ያጋመሰው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጣቢያነት ሰጡት። አንቲኖሪ የአእዋፍ አጥኚ ነበር። በአደን ላይ ጠመንጃው ባርቆ ቀኝ እጁን ቢጎዳውም ሥራውን አላቋረጠም፤ የሰበሰባቸው አእዋፍ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ገቡ፤ አንድ የወንጭፊት ዘመድም በስሙ ተሰይሟል። ወደ ደቡብ የዘለቁት የቡድኑ አባላት ኪያሪኒና ቼኪ ግን ጌራ ላይ ታገቱ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በጎጃሙ ራስ አዳል አማላጅነት ተፈታ። አንቲኖሪም በ1882 አርፎ በልጥ ማረፊያ ተቀበረ።

ጣቢያው የሳይንስ ነበር ወይስ የስለላ? ታሪክ ጸሐፊዎች የሚከራከሩበት ይህ ነው። የአንቲኖሪ አእዋፍ የእውነተኛ ተመራማሪ ድካም ናቸው፤ እርሱን ሰላይ ማለት ይከብዳል። የማኅበሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ቡድኑን ለመርዳት በ1879 የመጣው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1883 ሸዋን ከጣሊያን ጋር በወዳጅነትና በንግድ ውል አስተሳሰረ። በ1887 ለምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ የሚያስገኝ ስምምነት ተዋዋለ፤ በ1889 ደግሞ የውጫሌን ውል ፈረመ። ሳይንስ በከፈተው በር ፖለቲካ ገብቷል፤ በሩን የከፈተው ማኅበር ፕሬዚዳንትም ከመነሻው የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር።

ከአንቲኖሪ በኋላ ጣቢያውን ሐኪሞቹ ራጋዚና ትራቬርሲ ያዙት። የማኅበሩ ሌላው መልእክተኛ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋግጦ፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ በ1897 ወለጋ ውስጥ ተገደለ።

ማኅበሩ ዛሬ በሮም ቪላ ቼሊሞንታና ይገኛል። የዚያ ዘመን ካርታዎቹና ፎቶግራፎቹ በቤተ መዛግብቱ ተቀምጠዋል፤ ስለ ምኒልክ ሸዋ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአገር ውስጥ ሰነዶች ጋር ሊያመሳክሯቸው ይገባል።