ሐረር ያቆየችው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር የቆለፈው ፋይል

በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንጻ የሸሪፍ ሙዚየም ይገኛል። አቶ አብደላ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው ጀምረው ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች እዚያ ተቀምጠዋል። ቁርኣን አለ፣ የሃይማኖት ትምህርት መጻሕፍት አሉ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቋንቋም አለ። ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የጻፏቸውም የደጎሷቸውም ሰዎች ዛሬ የሉም። ፊደሉንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ግን መጽሐፉን ገልጦ ያነብበዋል።

አሁን ሌላ ሰነድ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ አንዲት ጸሐፊ በቢሮ ኮምፒውተር በአማርኛ ጽፋ በፍሎፒ ዲስክ ያስቀመጠችው ቃለ ጉባኤ። ዕድሜው 30 ዓመትን ቢያልፍ ነው። ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ዛሬ ሊያነብበው የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ጥንታዊው መጽሐፍ እየተነበበ የትናንቱ ደብዳቤ ለምን ተቆለፈ? መልሱ ያለው በሁለት ቁልፎች ላይ ነው።

አንደኛው ቁልፍ፦ ዲስኩ

ዛሬ ማንኛውም ፍላሽ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ሰፊውና ተጣጣፊው የ5.25 ኢንች ዲስክ ብቻውን ሁለት ዓይነት ነበር፦ 360 ኪሎባይት የሚይዘውና እ.ኤ.አ. በ1984 ከአይቢኤም ኤቲ ጋር የመጣው 1.2 ሜጋባይት የሚይዘው። የፊተኛው መረጃውን በ40 ክቦች ላይ ይጽፋል፤ የኋለኛው በ80። የአዲሱ ማሽን መጻፊያ ጠባብ ስለሆነ፣ አሮጌውን ዲስክ ተቀብሎ ሲጽፍበት የቀድሞው ጽሑፍ ጠርዝ ሳይጠፋ ይቀራል። ያው ዲስክ ወደ አሮጌው ማሽን ሲመለስ አሮጌውና አዲሱ ተደባልቆ ይነበባል፤ ማለት አይነበብም።

ትንሹና ጠንካራ ሽፋን ያለው የ3.5 ኢንች ዲስክ ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ። የአይቢኤም ዓይነት ማሽኖች 720 ኪሎባይት፣ በኋላም 1.44 ሜጋባይት ጻፉበት። የአፕል ማኪንቶሽ ግን በዚያው መልክ በተሠራ ዲስክ ላይ 800 ኪሎባይት ይጽፍ ነበር፤ ዲስኩን የሚያሽከረክርበትን ፍጥነት ከቦታ ቦታ እየቀያየረ። ስለዚህ ዲስኩ በሌላው ማሽን ቀዳዳ ልክ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ባዶ ነው ብሎ ያስባል። አፕል ሁለቱንም የሚያነብ ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ይህ በዓለም ሁሉ የደረሰ ችግር ነበር። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ግን እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል፤ ዲስኩን አንዴ ካስነበበ ፊደሎቹን ያገኛቸዋል። ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ፦ ፊደሉ

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ አስኪ በሚባል የጋራ ሠንጠረዥ ተስማምተው ነበር፤ በዚያ ሠንጠረዥ ትልቁ የላቲን “ኤ” ሁልጊዜ 65 ነው። የግዕዝ ፊደል ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1980ዎቹ ይህን ክፍተት ሊሞሉ የተነሡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ፤ ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አገር ቤት ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን “አጋፋሪ”ን አወጣ። ከዚያም “ቪዥዋል ግዕዝ”ና “ፓወር ግዕዝ” የአገሪቱን ቢሮዎችና የጽሕፈት ቤቶች ተቆጣጠሩ።

ሁሉም አንድ ግድግዳ ገጥሟቸዋል። በዘመኑ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር 256 ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 32ቱ ለማሽኑ መቆጣጠሪያ የተያዙ ናቸው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። በዚህ ላይ እንደ “ቋ”፣ “ሟ”፣ “ሏ” ያሉት ዲቃሎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም።

መፍትሔው እንደ ሠሪው ተለያየ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች አከፋፈለ። ሌላው ቀለሙን ከግንድና ከቅጥያ ገጣጠመ፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ከጀመሩት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ዋናው ጣጣ ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም “መ” የሆነው ቁጥር በሌላው “ሸ” ይሆናል፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ደግሞ የዶላር ምልክት።

የጽሕፈት መኪናና ኮምፒውተር የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። መኪናው በምንም መንገድ ቢገጣጥም ውጤቱ ወረቀት ላይ የሰፈረ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሐረር ማተም የጀመሩት “ለ ሰመር ዴትዮፒ” የተባለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ፣ ማተሚያው በኋላ ወደ ድሬዳዋ ቢዛወርም ለማንበብ ማተሚያው አያስፈልግም። የኮምፒውተር ፋይል ግን የተጻፈበትን ፎንት ይዞ ካልመጣ ትርጉም የሌለው የቁጥር ሰልፍ ነው።

ሦስት ፊደል በአንድ ከተማ

ሐረር ይህን ልዩነት ከብዙ ከተሞች ይልቅ በግልጽ ታሳያለች። ሐረሪ ለዘመናት በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ቋንቋ ነው፤ በክልሉ አስተዳደር ዘመን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመረ። ሌላው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በላቲኑ ቁቤ ይጻፋል። አማርኛም በከተማው በሰፊው ይነገራል፣ ይጻፋል።

በ1990ዎቹ በዚህች ከተማ ሦስቱንም ቋንቋዎች በአንድ ኮምፒውተር ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ምን ይገጥመው እንደነበር መገመት አይከብድም። ቁቤው ከተራው የላቲን ፊደል አያልፍምና ምንም ፕሮግራም ሳይገዛ ይጽፋል፤ የትም ቢልከው ይነበብለታል። አማርኛውንና ሐረሪውን ለመጻፍ ግን ፕሮግራም መጫን አለበት። ጽሑፉን ለሌላ ቢሮ ሲልክም ተቀባዩ ያንኑ ፕሮግራም፣ አንዳንዴም ያንኑ እትም መጫኑን መጠየቅ ግድ ይለዋል። አንዱ ፊደል በዓለም ስምምነት ውስጥ ነበር፤ ሌላው በአንድ ድርጅት ስምምነት ውስጥ።

ስምምነቱ ሲመጣ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ያቆብና ይትና ፍርድይወቅ “ሴራ” የተባለ ዘዴ አቀረቡ፤ እያንዳንዱን የግዕዝ ቀለም በተራ የላቲን ፊደላት ወክሎ በየትኛውም ኮምፒውተርና በኢሜይል ማሳለፍ የሚያስችል ነበር። በየሠሪው ሠንጠረዥ መካከል እንደ አስተርጓሚ ያገለግላል። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው፤ ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ “ሀ” በዓለም ሁሉ 4608 ነው። “ሐረር” የሚለው ቃል 4624፣ 4648፣ 4653 ነው፤ በሳምሰንግም በአይፎንም፣ በቴሌግራምም በፌስቡክም። ይህን ጽሑፍ ያለ ችግር እያነበባችሁ ያላችሁት በዚያ ስምምነት ምክንያት ነው።

ስምምነቱ ወደ ጠረጴዛችን ለመድረስ ግን ዓመታት ፈጀ። ማይክሮሶፍት የግዕዝ ፎንትና ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሰጠው በቪስታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የአገር ቤቶቹ ፕሮግራሞች በኋላ ባወጧቸው እትሞች ዩኒኮድን ደግፈዋል፤ ብዙ ቢሮዎች ግን በለመዱት አሮጌ ፎንት መጻፍ ቀጠሉ። ሠሪዎቹን መውቀስ አይገባም፤ ዓለም ቦታ በነፈገን ጊዜ በራሳቸው ወጪ ቦታ ያበጁልን እነሱ ናቸው። የሚያስወቅሰው የጋራው ስምምነት ከመጣ በኋላ አሮጌውን ሳያሻግሩ መተው ነው።

የቀረው ዕዳ

ይህ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ አንድ የቆየ የአማርኛ ፒዲኤፍ ይክፈት፤ አዋጅ ሊሆን ይችላል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ዓይን አማርኛ ያያል። አንዱን አንቀጽ ቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጥፈው ግን የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ያገኛል። ሰነዱ የሚታይ እንጂ የሚፈለግ አይደለም። ጠበቃ አንቀጽ ቢፈልግበት አያገኝም፣ ለዓይነ ስውራን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም አያነብበውም፣ ጎግልም አያውቀውም። ከደርግ መጨረሻ እስከ 2000 ዓ.ም. አካባቢ ያለው፣ አገሪቱ ሕገ መንግሥት የቀየረችበትና ክልሎች የተቋቋሙበት ዘመን ሰነድ፣ ብዙው በዚህ መልክ ነው የተቀመጠው።

ደግነቱ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የአሮጌዎቹ ፎንቶች ሠንጠረዥ ሊታወቅ ይችላል፤ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ጊዜው ነው። የዲስኩ መግነጢስ በየዓመቱ ይደክማል፣ ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን ለቁርጥራጭ ይሸጣል፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ የሚያስታውሱት ጸሐፊዎች ጡረታ ይወጣሉ።

ስለዚህ አሮጌ ዲስክ ያለው ቢሮ መጀመሪያ ይዘቱን ወደ አዲስ ማስቀመጫ ይገልብጥ፤ ፎንቱንና ፕሮግራሙንም አብሮ ያኑር። ፋይሉን “እንዲጸዳ” ብሎ ወደ ተራ ጽሑፍ አይቀይር፤ ፊደሉ በሁለት ፎንት የተከፈለ ከሆነ የፎንቱ ስም ሲጠፋ ፊደሉም አብሮ ይጠፋል። በወረቀት የታተመ ቅጂ ካለ አይጣል፤ ልወጣው ትክክል መሆኑ የሚመሳከረው በእሱ ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎች የአሮጌ ፎንቶችን ሠንጠረዥ በአንድ ቦታ ሰብስበው ለሁሉም ክፍት ቢያደርጉ፣ እያንዳንዱ ቢሮ ቁልፍ ፍለጋ ብቻውን ከመዞር ይድናል።

አቶ አብደላ መጻሕፍት ሲሰበስቡ ከመጻሕፍቱ ጎን የድምፅ ካሴቶችንም ሰብስበዋል። ካሴት ማጫወቻ ከሌለ ዝም ይላል፤ መጽሐፉ ግን የሚያነብበው ሰው እስካለ ድረስ ይናገራል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የጻፍነው አማርኛ የቀረበው ለካሴቱ ነው፤ ማጫወቻው ሳይጠፋ ወደ መጽሐፉ ወገን ማሻገር ደግሞ የዚህ ትውልድ ሥራ ነው።