ጣሪያው ላይ ማን ይውጣ?

በጥርና በየካቲት ከቶሮንቶ ወደ ሐረር የሚደወል ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰላምታው ያልቃል፣ የልጆቹ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ የበረዶው ጉዳይ ይነሣል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በር ዘግቶ ያድራል፣ ጠዋት በአካፋ ሲዛቅ ወገብ ይቆረጣል፣ ተዝቆ ሳያበቃ ደግሞ ሌላው ይጀምራል። ቶሮንቶ ብዙ ሐረሪ የሰፈረባት ከተማ ናት። በወጣትነታቸው የተሰደዱት ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት እየሞላቸው ነው፤ በብዙ የካናዳ ከተሞች ደግሞ የቤት ባለቤት በረዶውን ከደጃፉ እንዲያነሣ ደንብ ያስገድደዋል። ስለዚህ «እንዴት ብናደርግ ይቀለን ይሆን?» የሚለው ወሬ አያልቅም። አንዱ ለጎረቤት ልጅ ከፍሎ ያስጠርጋል፣ አንዱ በሞተር የሚሠራ መጥረጊያ ይገዛል፣ አንዱ ቤቱን ሸጦ ፎቅ ላይ ይከራያል።

እዚህ ጁገል ውስጥ ስልኩን የያዙት እናት እንዲህ ያለ በረዶ አይተው አያውቁም። እርሳቸው የሚያውቁት በክረምት ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ብቻ ነው። ነገሩ ግን በደንብ ይገባቸዋል። ቤት በየዓመቱ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር እንደሆነ፣ ጉልበቱም አንድ ቀን እንደሚያልቅ ሐረር ውስጥ ያደገ ሰው ከማንም አይማርም። የሐረር በረዶ አፈር ነው፤ ያለውም ጣሪያው ላይ ነው።

የሐረር ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሡት አሚሮቹ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮችና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአሚር ኑር ስም ጋር የሚያያዘው ግንብ ናቸው። እኛ ዛሬ ወደ ላይ ቀና ብለን ጣሪያውን እንይ። ምክንያቱም ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበረ፣ ማን እንደሄደና ማን ብቻውን እንደቀረ ከግንቡ ይልቅ ጣሪያው ይናገራል።

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1855 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቆይ ያያቸው ቤቶች ጣሪያቸው ዝርግ፣ ግድግዳቸው በቀይ ጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነበር። ያ ቤት ዛሬም «ጌ ጋር» ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ጎብኚ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በደረጃ ከፍና ዝቅ ባሉት ነደባዎች፣ በቀዩ ወለል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች ላይ ነው። ወደ ላይ የሚያይ ጥቂት ነው። ከላይ ግን የቤቱ ከባዱ ሸክም ተቀምጧል፦ ጎን ለጎን የተደረደሩ የእንጨት ወራጆች፣ በላያቸው ርብራብ፣ ከርብራቡ በላይ የተጠቀጠቀ አፈር።

የአፈር ጣሪያ ብልሃተኛ ነገር ነው። ቀን ፀሐዩን ይይዛል፣ ሌሊት ብርዱን ያግዳል፣ ዝርግ ስለሆነ ማስጫም ይሆናል። እንደ ሰው ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ዝናብ ይገባል፣ ዝናቡ ያመጣው ዘር ይበቅላል፣ የሣሩ ሥር ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስለዚህ ከክረምት በፊት ሣሩ ይነቀላል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ አዲስ አፈር ይጨመራል፣ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ይጠረጋል። ትልቅ ዝናብ ሲያባራም ወጥቶ የላላውን መርገጥ ያስፈልጋል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ያለች፣ በልግም ክረምትም የሚዘንብባት ከተማ ስለሆነች ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ አይደለም።

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር፣ የአፈሩ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል 6 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። የተጠቀጠቀ አፈር በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ከራሳችን በላይ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ነገር ተሸክመን ነው የምንተኛው። ዝናብ ሲጠጣ ይብሳል። በዚያው ስፋትና ውፍረት ልክ አዲስ የወረደ የቶሮንቶ በረዶ ግማሽ ቶን ቢሆን ነው። በረዶው ደግሞ በጸደይ ይቀልጣል፤ አፈሩ ግን የትም አይሄድም። በየዓመቱ «ትንሽ አፈር እንጨምርበት» ማለትም ለወራጁ ሌላ ጭነት ነው፤ ዐዋቂ ሠራተኛ አሮጌውን ፍቆ ሳያነሣ አዲሱን አይጨምርም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይሠራው ነበር? እርግጡ ነገር የሰባ ዓመት አዛውንት ብቻቸውን መሰላል ላይ አይወጡም ነበር። ጌ ጋር የተሠራው ለአንድ ሰው ጉልበት ታስቦ አይደለም። ቤቶቹ በአንድ ግቢ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው፤ የአንዱ ጣሪያ ሲያፈስ የጎረቤቱም ግድግዳ ይርሳል። «አህሊ» የሚባለው ዘመድ አለ። ከዘመድ ሌላ «አፎቻ» አለ፦ ወንዶችም ሴቶችም በየራሳቸው የሚሰባሰቡበት፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚደርሱበት ማኅበር። ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 (እ.ኤ.አ.) ስለ አፎቻ ብቻ የሚያወራ ጥናት አሳትመዋል። አፎቻ የጣሪያ ማኅበር አልነበረም። ነገር ግን ሠርግህን የደገሰ፣ አባትህን የቀበረ ሰው ጣሪያህ ሲያፈስ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም። ከግንቡ ውጭ ያሉት የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬዎችም ይህንኑ «ጉዛ» ይሉታል፤ በሌላው አገር ደቦ የሚባለው ነው። ጣሪያው የሚቆመው በወራጁ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሁሉ ሰው ላይ ነበር።

ከዚያ እጆቹ መበተን ጀመሩ። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ስትገባ የከተማይቱ አስተዳደርና ንግድ መልኩ ተለወጠ። በ1940 ዓ.ም. በኩሉብ እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ብዙ ቤተሰብም ተነቅሎ አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ገባ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠር መሬት ሲወረስ ከግንቡ ውጭ ካለው እርሻ ገቢ የነበረው ቤተሰብ ገቢው ደረቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ጅዳ፣ ቶሮንቶ፣ አሜሪካ የሄደው ሁሉ ከዚህ ከዚህ ነው የሄደው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 183 ሺህ ሕዝብ ውስጥ ሐረሪው ከመቶ 9 አይሞላም ነበር።

የሄደው ደግሞ ወጣቱ ነው። ቤቱን ለመጠበቅ የቀሩት አረጋውያን ናቸው። ቤቱ ያው ቤት፣ አፈሩ ያው አፈር፣ ክረምቱም እንደ ድሮው ይመጣል፤ መሰላል የሚወጣው ሰው ግን የለም። ቀን ሠራተኛ እንዳይጠሩ አፈሩን በትክክል መጠቅጠቅ የሚያውቅ ባለሙያ እያነሰ ነው፤ ለወራጅ የሚሆን ጥሩ የጥድ እንጨትም እንደ ድሮው አይገኝም።

እንግዲህ ቆርቆሮ የመጣው በዚህ በር ነው። ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ሲደርስ ከባሕር የሚመጣ ከባድ ዕቃ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ በግመል መጫኑ ቀረ። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የገቡት የሕንድ ነጋዴዎችም ባለ ሰገነትና ባለ ፎቅ ቤት እየሠሩ ሌላ ዓይነት ጣሪያ ለከተማዋ አሳይተዋል። «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ቤት ራሱ ከዚህ ዓይነት አንዱ ነው፤ ገጣሚው በ1891 (እ.ኤ.አ.) ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ በመጀመሪያ የሀብታም ጌጥ ነበር። እየቆየ ግን የደካማ ምርኩዝ ሆነ። አንዴ ከተመታ ለብዙ ዓመት ሣር አይነቀልለት፣ አይጠቀጠቅ፣ አይመረግ። ለአንዲት መበለት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ክረምት በመጣ ቁጥር ልጅ ከመለመን ተገላገለች ማለት ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ሲወርድበት ሰው ከሰው መደማመጥ አይችልም። ውሃውን በአንዴ ስለሚያወርደው አሸንዳ ካልተበጀለት በጭቃ የተያያዘውን ግድግዳ ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ከዚህ የባሰው በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ላዩ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ይበሰብሳል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። 48 ሄክታሩ፣ 82ቱ መስጊዶች፣ 102ቱ የአውልያ ሥፍራዎች ከነቤቶቹ የዓለም ሀብት ተባሉ። ደስ አለን። ያን ጊዜ ከተነሡት ስጋቶች መካከል የቤቶቹ መለሰን፣ የእንጨት በር በብረት መቀየርና ባዕድ የግንባታ ዕቃ መግባት ነበሩ። ስጋቱ ትክክል ነው። እኛን የሚከነክነን ከዚያ ወዲህ በየካፌው የሚሰማው ወሬ ነው፦ «እነዚህ ሽማግሌዎች ቅርሱን በቆርቆሮ አበላሹት!» ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በሲሚንቶ ቤት የሚኖር፣ አንድም ቀን ጭቃ ረግጦ የማያውቅ የእኛው ዕድሜ እኩያ ነው። አያቱን «ጣሪያሽን እንዳትነኪ» ይላል፤ «ቅዳሜ መጥቼ እጠግነዋለሁ» ግን አይልም። ቅርሱ የሁላችንም ሲሆን ሸክሙ ለምን የእርሳቸው ብቻ ይሆናል?

ይህ የሐረር ብቻ ችግር አይደለም። በጃፓን በረዶ የሚበዛባቸው አውራጃዎች ውስጥ ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዶ አልቋል። ጣሪያ ላይ የተከመረውን በረዶ ለማውረድ የሚወጡት አረጋውያን ናቸው፤ በየክረምቱ በረዶ ሲጠርጉ ከሚሞቱት አብዛኞቹም ከ65 ዓመት በላይ ናቸው። ሰዎቹ በረዶ መዛቅ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ዝቀዋል። የጠፋው መሰላሉን የሚይዝላቸው ሰው ነው።

ወደ ማሊ እንሂድና ደግሞ ሌላ ነገር እንይ። የጄኔ ትልቁ መስጊድ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ አሁን የቆመው በ1907 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ነው። ከተማው በየዓመቱ ቀን ቆርጦ ይመርገዋል። ልጆች ጭቃውን እየረገጡ ያቦካሉ፣ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ወጣቶች ግድግዳውን እየወጡ ይለጥፋሉ። ሽማግሌዎቹስ? በክብር ቦታ ተቀምጠው ያያሉ። ለአረጋዊ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ማን ፈልስፎ ያውቃል? ሥራውን በዓል አድርገው ለሚችለው ሰጡት፤ ዐዋቂውን ደግሞ ተመልካችና ዳኛ አደረጉት።

እኛም እንዲህ እንላለን። አንደኛ፣ በአፈር ጣሪያ ሥር የሚኖር አዛውንት ጣሪያ ላይ አይውጣ። ከታች ሆኖ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው፦ ከዝናብ በኋላ ወራጁ ሥር እርጥበት መኖሩን ማየት፣ አሸንዳው ውሃ እያወረደ መሆኑን ማየት፣ ግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይተኛ ማስደረግ። ቀድሞ የታየ ስንጥቅ በአንድ ባልዲ ጭቃ ይደፈናል፤ የተረሳ ስንጥቅ ወራጅ ይበላል። ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ ያስመታውን አንውቀሰው፤ አሸንዳ እናሠራለት። ሦስተኛ፣ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በየሰፈሩ አንድ የጣሪያ ቀን ይኑር። ሐረሪው ቢያንስ እንኳ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው በአንድ ግቢ ተጎራብቶ ይኖራል፤ እጅ አልጠፋም፣ የሚጠራው ነው የጠፋው። ከቶሮንቶ ለዒድ ገንዘብ የሚልኩ ወዳጆቻችንም ጥቂቱን «ለጣሪያው» ብለው ይላኩ። በረዶ የዛቀ ወገብ ይህን ይረዳል።

ጭቃውን እንዴት እንደሚያቦኩት፣ አፈሩ ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ የሚያውቁት አሁን በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ከመሰላሉ ሥር ወንበር እናስቀምጥላቸውና እየተቆጡ ያሠሩን። እነርሱ ካለፉ በኋላ ጉልበቱ ቢኖረን እንኳ የሚያሳየን አናገኝም።