የላይኛውና የታችኛው

ማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮን ስትረግጡ እግራችሁ በቀጥታ ካምቢዮው ጋር አይደርስም። በብዙ የድሮ መኪኖች ከፔዳሉ ጀርባ አንድ ትንሽ ሲሊንደር አለ፤ ካምቢዮው ጎን ላይ ደግሞ ሌላ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጭን ቱቦና በውስጡ ያለው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የላይኛው ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ የታችኛውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሹካ የመሰለውን ብረት፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ደግሞ የፍሪሲዮን ሸራውን ጨምድዶ የያዘውን ሞላ። ሸራው ሲላቀቅ ሞተሩና ጎማው ለጊዜው ይለያያሉ፣ ማርሹም ይገባል።

በእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ የላይኛው «ማስተር» የታችኛው «ስሌቭ» ይባላሉ። ጌታና ባሪያ ማለት ነው። ሁለት ብር የማያክሉ ብረቶች ይህን ስም ከየት አመጡት?

መጀመሪያ ብረቶቹ። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ድርሳን የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ቢጫኑት ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ሰፊው ፒስተን ከጠባቡ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። በምሳሌ እንየው፤ የላይኛው ስፋት 16 ሚሊሜትር፣ የታችኛው 20 ሚሊሜትር ቢሆን ጉልበቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በነጻ ግን አይደለም፤ የላይኛው 25 ሚሊሜትር ሲሄድ የታችኛው የሚሄደው 16 ብቻ ነው። በርቀት የከፈላችሁትን በጉልበት ትቀበላላችሁ።

ሐሳቡ ማሽን እስኪሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። ፈተናው ፊዚክሱ ሳይሆን ልቅታው ነበር፤ ግፊቱ ሲበረታ ውሃው በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ይወጣል። መፍትሔውን ያመጣው በብራማ ወርክሾፕ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ነው ይባላል፦ ጠርዙ የታጠፈ የቆዳ ቀለበት። ውሃው ሲገፋው ቆዳው ይከፈትና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ግፊቱ በበረታ ቁጥር ማሸጊያውም ይጠብቃል።

ይህን ቀለበት ዛሬም መኪናችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ቆዳው ጎማ ሆነ እንጂ። በአሜሪካ ማልኮም ሎክሂድ፣ ከወንድሙ ጋር በአውሮፕላን ሥራ ስሙ የሚነሳው ሰው፣ የሃይድሮሊክ ፍሬንን ሐሳብ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የመጀመሪያው ክራይስለር መኪና በአራቱም ጎማ ሃይድሮሊክ ፍሬን ነበረው፤ መሐንዲሶቹም የሚያፈሰውን የቆዳ ማሸጊያ በጎማ ተክተውት ነበር። በኋላ ያው አሠራር ወደ ፍሪሲዮንም ተሻገረ።

አሁን ወደ ስሙ። ሮን ኤግላሽ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 «ጌታና ባሪያ» የሚለው አጠራር ወደ ቴክኒክ ጽሑፍ እንዴት እንደገባ ተከታትሎ ጽፏል። ያገኘው የመጀመሪያ ምሳሌ የ1904 ነው፤ ዴቪድ ጊል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ኬፕታውን ስለነበረ ሰዓት ሲገልጽ። አንዱ ሰዓት ጌታ፣ እሱን ተከትሎ የሚቆጥረው ባሪያ። ልብ በሉ፣ ኬፕታውን! ሰው እንደ ዕቃ የተሸጠበት፣ ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1834 የሆነበት ከተማ። ሕጉ ከወጣ ከሰባ ዓመት በኋላ ቃሉ ሰዓት ላይ ተለጠፈ። ሲሊንደሮችም፣ ኮምፒውተሮችም ይህንኑ አጠራር ወረሱ።

በእኔ ሙያ ክርክሩ በቅርቡ ነው የተነሳው። የዳታቤዝ ዋናው ቅጂ «ማስተር»፣ ከሱ የሚገለብጠው «ስሌቭ» ይባል ነበር። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ቃሉን ተወው፣ ሬዲስ በ2018 «ሬፕሊካ» ማለት ጀመረ፣ ጊትሃብ በ2020 አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምርበትን «ማስተር» በ«ሜይን» ቀየረው። ያኔ ብዙ ጓደኞቼ «የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ብለው አለፉት።

እኔ ግን ለአንድ መለዋወጫ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ስሠራ እንደዚያ ማለፍ አልሆነልኝም። ሶፍትዌሩ በአማርኛ ነው፣ የዕቃዎቹ ስም ዝርዝርም የእንግሊዝኛ ነው። «ስሌቭ ሲሊንደር» የሚለው ጋ ስደርስ ትርጉሙን ብጽፈው ምን እንደሚወጣ አየሁ። «ባሪያ» በእንግሊዝኛ ጆሮ የሩቅ ታሪክ ሊመስል ይችላል፤ በአማርኛ ግን የቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ ጥያቄ የባሪያ ንግድ ነበር። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቃሉ ደግሞ እስካሁን ስድብ ነው፣ ሰው አጥንት ውስጥ የሚገባ ስድብ። ዕቃ የሚያወርደው ልጅ በቀን አሥር ጊዜ «ባሪያ ሲሊንደር» እያለ እንዲጣራ ማድረግ እችል ነበር። አልፈለግኩም።

መልሱን ያገኘሁት ጋራዥ ነው። በዚያው ሰሞን የአጎቴ የድሮ ኮሮላ ፍሪሲዮን እየሰመጠ አስቸገረ፤ ፔዳሉ ተረግጦ ይቀራል፣ አንደኛና የኋላ ማርሽ አልገባም ይላል፣ ዘይቱም ጠቁሯል። ሁላችን ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ሁለቱን ሲሊንደሮች ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይሄ የላይኛው ነው፣ ይሄ የታችኛው» አሉኝ። «የሚያፈሰው የታችኛው ነው።»

«ታዲያ እሱን ብቻ ብንቀይረውስ ጋሼ?»

«ልጄ፣ ሁለቱም አንድ ዘይት ነው የሚጠጡት። አንዱ ካረጀ ሌላው ምን ወጣት ያደርገዋል?»

ልክ ናቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው የሲሊንደሩን ግድግዳ ያዝጋል፣ ዝገቱ ጎማውን ይፍቀዋል። ታችኛው ብቻ አዲስ ሲሆን ሳይሾልክ የቀረው ግፊት ያረጀውን የላይኛውን ማሸጊያ ይፈትነዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀየርን፣ ዘይቱንም አዲስ ሞላን። የሞተር ዘይት በፍጹም አይገባበትም፤ ማሸጊያውን አሳብጦ ያበላሸዋል። ከዚያ ንፋስ ማውጣት ነው፤ አየር ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ አረፋ ከቀረ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። እኔ ከላይ፣ እሳቸው ከስር። «ርገጥ!» «ያዝ!» ማስተንፈሻዋን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ልቀቅ!» ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወርድ ድረስ።

እዚያ እየረገጥኩ አንድ ነገር ገባኝ። ፔዳሉን ስለቅ ዘይቱን ወደ ላይ የሚመልሰው የታችኛው ነው። የሸራው ሞላ እሱን ይገፋዋል፣ እሱ ዘይቱን፣ ዘይቱ የላይኛውን ፒስተን። ትልቁን ጉልበት የሚያወጣውም እሱ ነው። ፓስካል እንዳለው ግፊቱ በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው። እዚህ ውስጥ ጌታ የለም፤ ባሪያም የለም። ስሙ ከሥነ ምግባር በፊት በምህንድስናም ስህተት ነው።

ጋሼ የሚናገሩት የመኪና ቋንቋ ራሱ ታሪክ አለው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ወረራውን «ባርነትን ላጠፋ ነው» እያለ ለዓለም ሲያመካኝ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፣ የመኪና ቃላቱ ቀሩ። መካኒኮቻችን ከመጣው ቋንቋ የሚጠቅማቸውን ወሰዱ። የጎደለውን ደግሞ ዕቃው ባለበት ቦታ ሰየሙት፦ የላይኛው፣ የታችኛው። ማንንም አይሰድብም፣ ዕቃውም የት እንዳለ ይነግራችኋል።

ለቴክኖሎጂ አማርኛ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፣ ወይም የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል እንገለብጣለን። ከቃሉ ጋር የሌላ አገር ቁስል አብሮ እንደሚገለበጥ፣ የራሳችንንም እንደሚነካ አናስብም። ዕቃውን በእጁ የያዘውን ሰው «ምን ትለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። በሱቁ ሶፍትዌር ውስጥ አሁን ያለው ስም «የፍሪሲዮን ሲሊንደር፣ የታችኛው» ነው። እስካሁን ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።