በ17 ሰከንድ ያልቃል፤ ለዓመታት ግን አልተሸነፈም

በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ለገበያ የቀረበው 'ሱፐር ማሪዮ ሜከር' ተጫዋቾች የራሳቸውን ደረጃ ሠርተው በኢንተርኔት እንዲያጋሩ ያስችል የነበረ የቪዲዮ ጌም ነው። ሠሪው ራሱ ተጫውቶ ያላለፈው ደረጃ ግን ተቀባይነት አልነበረውም።

አምራቹ ኒንቴንዶ የጌሙን የኢንተርኔት አገልግሎት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ 'ቲም ዜሮ ፐርሰንት' የተሰኘው የተጫዋቾች ስብስብ ማንም ያላለፋቸውን ደረጃዎች በሙሉ ለማሸነፍ ይጥር ነበር። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ 'ትሪሚንግ ዘ ኸርብስ'።

ርዝመቱ 17 ሰከንድ ገደማ ነው። ይሁንና አንዳንዱን ቁልፍ በሰከንድ 60ኛ ክፋይ ውስጥ መጫን ይጠይቃል። ለቅጽበት የዘገየ ከመነሻው ይጀምራል። ተጫዋቾች በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሞከሩት፤ ወደቁም።

መጋቢት 13 ሠሪው አንድ ነገር አመነ። ደረጃውን ያለፈው በእጁ ሳይሆን ቁልፎቹን በራሱ በሚጫን መሣሪያ እገዛ ነበር። ስብስቡ ደረጃውን ከዝርዝሩ ሰርዞ ሥራው መጠናቀቁን አወጀ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ማንም አይወቅስም።

ጥቂቶች ግን ቀጠሉ። ሳኒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ተጫዋች መጋቢት 27 በእጁ ተጫውቶ አለፈው። አገልግሎቱ ሊዘጋ የቀረው ሦስት ቀን ነበር።