የኦሞ ከርከሮዎች ጥርስ

እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ድንኳን ተከሉ። ፈረንሳውያኑን ካሚል አራምቡርና ኢቭ ኮፐን፣ አሜሪካውያኑን ክላርክ ሃውል፣ ከኬንያ የመጡትን ደግሞ ሪቻርድ ሊኪ ይመሩ ነበር። የመጡት የጥንት ሰው ቅሪት ፍለጋ ነው። መሬቱ ግን የሰውን አጥንት ቆጥቦ የእንስሳትን ጥርስ በገፍ ሰጣቸው፤ ከነዚህም ውስጥ የአሳማ ዘር ጥርስ ብዙ ነበር።

ጥርስ ባለቤቱ ሲበላ የኖረውን ይናገራል። እርያ ሥር ቆፍራ፣ ፍሬና ትል ለቅማ ስለምታድር መንጋጋ ጥርሷ አጭርና ጉብጉብ ያለ ነው። ከርከሮ ግን በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። ሣር ለእጅ ይለሰልሳል እንጂ ለጥርስ ጠላት ነው፤ በውስጡ አሸዋን የመሰለ ሲሊካ አለ፣ ላዩ ላይ ደግሞ አቧራ ተጣብቋል። ስለዚህ የከርከሮ የመጨረሻው መንጋጋ ቁመቱ ረጅም ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት እንደ ሸንበቆ እስር ቀጥ ቀጥ ብለው የተጣበቁ ዘንጎች ናቸው፤ ማኘኪያው ፊት ላይ ትናንሽ ቀለበቶች ሆነው ይታያሉ። የቀለበቶቹ ጠርዝ ጠንካራው ኢናሜል ነው፤ መሐላቸው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። የድንጋይ ወፍጮ ሲለሰልስ ባለሙያዋ እንደገና ትወቅረዋለች፤ የከርከሮ ጥርስ ግን እያኘከ ራሱን ይወቅራል። እንስሳው ሲያረጅ የፊተኞቹ መንጋጋዎች አልቀው ይረግፉና ያ የመጨረሻው ብቻውን ይፈጫል።

ኦሞ ላይ ይህ ጥርስ እንዴት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ሹንጉራ በሚባለው ስፍራ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ደለል ተከምሯል። በየመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ገብቶበታል፤ የአመዱም ዕድሜ ይለካል። ከታች ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ኮልፖኮይረስ የተባለው የጥንት አሳማ መንጋጋ ይረዝማል፣ ሜትሪዲዮኮይረስ የተባለው የሌላው ደግሞ ቁመት ይጨምራል። አገሩ እየደረቀ ሣሩ ሲስፋፋ አሳማዎቹም ወደ ሣር ዞረዋል።

ሊኪ በኦሞ ብዙም ሳይቆዩ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለው ኩቢ ፎራ ተሻገሩ። በ1972 እዚያ የተገኘው 1470 የተባለው የጥንት ሰው የራስ ቅል ዓለምን አነጋገረ። ከቅሉ በላይ የተነጠፈው አመድ ተለክቶ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ስለነበር፣ ቅሉ ከዚያም ይበልጣል ማለት ሆነ።

ነገሩን ያናጉት በካናዳ ያስተምሩ የነበሩት ባዚል ኩክ ናቸው። ከአመዱ ሥር የወጡትን የኩቢ ፎራ አሳማዎች ጥርስ ከኦሞው ጋር ሲያስተያዩ፣ ኦሞ ላይ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠሩት ጋር አንድ ሆነው አገኟቸው። አንድ ወንዝና አንድ ሐይቅ በሚያገናኘው አገር የአንድ ዘር አሳማ በአንደኛው ዳር ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ ጥርሱን ያስረዝማል ማለት የማይመስል ነገር ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ጋለም። በ1977 ቲም ኋይትና ጆን ሃሪስ የአሳማዎቹን ዝርዝር ጥናት አውጥተው የኩክን ወገን አጠናከሩ፤ ሃሪስ ራሳቸው ከሊኪ የኩቢ ፎራ ቡድን ነበሩ።

በ1980 ግድም አመዱ በጥንቃቄ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። የ1470 ዕድሜም ወደ 2 ሚሊዮን ወረደ፤ የኦሞ አሳማዎች ካሉት ቁጥር ላይ።